ቻይ አገርና ጠባብ አገር፦ ስለ ወሎና ስለ ጎንደር የሚነገሩ ጅምላ ብያኔዎች በታሪክ ሚዛን

በአገራችን የሙስሊሞችና የክርስቲያኖች የአብሮነት ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሁለት የቦታ ስሞች ቀድመው ይጠራሉ። ወሎ የፍቅርና የመቻቻል ምድር ተብሎ ይወደሳል። ጎንደር ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ከአክሱም ጋር ተዳብሎ፣ ለሙስሊም ፊቱን ያጠቆረ አገር ሆኖ ይቀርባል። አባባሉ በለቅሶ ድንኳንም ሆነ በአዳራሽ ስብሰባ፣ በኹጥባም ሆነ በመድረሳ ክፍል ይደጋገማል። የሚናገረው ሰው አንዱን አገር ሲያሞግስ ሌላውን እየከሰሰ መሆኑን ብዙም ልብ አይልም፤ የሚሰማውም ማስረጃ አይጠይቅም፤ ሁሉም የሚለው ነገር ማስረጃ የማያሻው ይመስላልና።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ከጎንደር የመጣ ደረሳ በሌላ ከተማ መድረሳ ውስጥ «እናንተ እዚያ እንዴት ኖራችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠያቂው ያዘነለት ይመስለዋል። በተዘዋዋሪ ግን የተወለደበት አገር አገሩ እንዳልሆነ፣ አባቶቹም በእንግድነት እንደኖሩ እየነገረው ነው። «ሰማይ ዐምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለውን የቆየ አባባል በዚህ ጊዜ የሚያስተጋባው የእምነት ወንድሙ ነው። በወሎው ሙስሊም ላይ የሚደርሰው ደግሞ ረቀቅ ያለ ነው። ስለ ቻይነቱ ከተመሰገነ በኋላ ምክንያቱ ሲፈለግ «እስልምናቸው ላላ ያለ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ይከተላል። ሃይማኖቱን በቅጡ ቢያውቅ ኖሮ ከጎረቤቱ ጋር ባልተስማማ ነበር እንደ ማለት ነው። ከእምነቱ ውጭ ያለ ተመልካች እንዲህ ቢል አይደንቅም። ከራሳችን ዳዒዎች አፍ ሲወጣ ግን በዲኑም በታሪኩም ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

አገሮችን በጠባይ መፈረጅ ለኢስላማዊው ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። ስለ ከተሞች ትሩፋትና ነውር የሚናገሩ ዘገባዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕተ ዓመታት በዝተው ነበር። የኩፋ ሰው በበስራ ላይ፣ የሻም ሰው በዒራቅ ላይ ይፎክር ነበር፤ አል-ጃሒዝም ስለ ስስታሞች በጻፈው መጽሐፉ የኹራሳንን፣ በተለይም የመርውን ሰዎች የስስት ምሳሌ አድርጎ አቅርቧቸዋል። የሐዲስ ሊቃውንት ግን ከዚህ ክምችት ብዙውን ውድቅ አድርገውታል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ኢማም ኢብን አል-ቀይም «አል-መናር አል-ሙኒፍ» በተሰኘው ሥራቸው ያስቀመጡት ነው። የፈጠራ ዘገባ የሚታወቅባቸውን ምልክቶች ሲዘረዝሩ ሐበሾችንና ጥቁሮችን የሚያንቋሽሹትን ዘገባዎች በሙሉ ከሐሰት ወገን መድበዋል። ከእርሳቸው በፊት ኢብን አል-ጀውዚ፣ ከእርሳቸው በኋላም አስ-ሱዩጢ ለሐበሾች ክብር የሚከራከሩ መጻሕፍት ጽፈዋል። እነዚህ ዑለማእ ስለ እኛ የተነገረውን ጅምላ ብያኔ ኢስናድ ጠይቀው ጣሉት። እኛ ግን በራሳችን አውራጃዎች ላይ የምንናገረውን ያለ ኢስናድ እንቀበላለን።

ስለ ነጃሺ አገር የምንናገረውም ጥንቃቄ ይሻል። የሲራ መጻሕፍት እንደሚተርኩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ሰሐቦቻቸውን ወደ ሐበሻ ሲያመለክቱ፣ የሰጡት ምክንያት በግዛቱ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ መኖሩን ነው። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ረዥም ዘገባ ውስጥም ሰፊውን ቦታ የያዘው የንጉሡ አሠራር ነው። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጡ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጧቸውም ለመኑ። ስጦታው የደረሳቸው የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ተስማሙ። ንጉሡ ግን ተከሳሽን ሳይሰማ እንደማይፈርድ ተናገረ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን አስጠርቶ ሰማ፤ በመጨረሻም ስጦታውን መለሰ። እንግዲህ በዚያው አዳራሽ፣ በአንድ አገር ሰዎች መካከል፣ አሳልፎ መስጠትን የመረጡም አልሰጥም ያለም ነበሩ። ዘገባው ስለ አፈሩ ምንም አይናገርም። ስደተኞቹን ያዳናቸው ሁለቱንም ወገን የመስማትና እጅ መንሻን የመመለስ ሥርዓት ነው።

ይህ ልዩነት የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲታገዱ፣ በመካከላችን የተሰሙት አስተያየቶች በሁለት ይከፈሉ ነበር። አንዱ ወገን «የነጃሺ አገር እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» ይላል፤ ሌላው «አክሱም ድሮስ መቼ ይወደናል?» ይላል። ሁለቱም መሬቱን ይጠይቃሉ እንጂ ክልከላውን ማን እንዳወጣው፣ በየትኛው ሕግ ላይ እንደቆመ፣ ይግባኙ ወደየት እንደሚሄድ አይጠይቁም። እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቁት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት የወሰዱትና በመቀሌ አደባባይ የወጡት የትግራይ ሙስሊሞች ናቸው። እነርሱ ስለ አገራቸው ጠባይ የመከራከር ትርፍ ጊዜ አልነበራቸውም።

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ «ወሎ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ መለየት ይገባል። ስሙ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አካባቢው ከገቡ የኦሮሞ ጎሳዎች የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ምድሩ ቤተ አምሐራ፣ አንጎትና ሌሎችም ስሞች ነበሩት። ስሙ እየሰፋ ሄዶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወሎ ጠቅላይ ግዛት ላስታንና ዋግን፣ የጁንና ራያን፣ ቃሉን፣ ቦረናን፣ አምሐራ ሳይንትን፣ እስከ አፋሩ አውሳ ድረስ ያካተተ ሆነ። ከዚህ ውስጥ አውሳ ሙስሊም ነው፤ ላስታ ደግሞ ከሞላ ጎደል ክርስቲያን ነው። ሙስሊም ጎረቤት እምብዛም የሌለውን የላስታ ገበሬና ክርስቲያን ጎረቤት እምብዛም የሌለውን የአውሳ አርብቶ አደር በአንድነት «ቻይ» ብሎ ማወደስ ትርጉም የለውም። ውዳሴው በእውነት የሚመለከተው ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩባቸውን ደጋማና ወይና ደጋ ወረዳዎች ነው።

በእነዚህ ወረዳዎች ያለው አብሮነት ሥራ ያለው ነገር ነው። በሰርግ ጊዜ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፤ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚታረደውን በሙስሊም ጎረቤቱ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኖቹ እንደዚሁ ያደርጋል። ቅሬው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይቀብራል። ደም ሲፈስ አባጋሮች ይገባሉ፤ የሙስሊም ሽማግሌ ምርቃት ክርስቲያኑንም ያስራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለቱ ወገኖች ልዩነታቸውን ረስተውት አይደለም። እንዲያውም ለሁለት ማረድ ማለት ልዩነቱን በሚገባ አውቆ ወጪውን መቻል ማለት ነው። (እግረ መንገዴን፣ «መቻቻል» የሚለው ቃል ለዚህ ኑሮ አይመጥንም። መቻል ሸክምን ነው፤ የወሎ ሽማግሌዎች ስለ ኑሯቸው ሲናገሩ የሚቀናቸው «ጉርብትና» እና «ዝምድና» ነው።)

«ላላ ያለ እስልምና» የሚለው ትርጓሜ ደግሞ በዑለማኡ ታሪክ ፊት አይቆምም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ከኢትዮጵያ ታላላቅ የኢስላማዊ ዕውቀት ምድሮች አንዱ ነበር። በጀማ ንጉሥ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊዕ፣ በጌታ ሐጂ ቡሽራ፣ በዳና ሸይኽ አሕመድ ኢብን አደም፣ በሾንኬ ሸይኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር ያቋቋሟቸው ወይም ያደመቋቸው ማዕከላት ፊቅህን፣ ነሕውንና ተሰውፍን ለመማር ከሩቅ የሚመጡ ደረሶችን ይቀበሉ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና በሚናገረው ጥናታቸው ይህን የመነቃቃትና የተሐድሶ ዘመን በዝርዝር አሳይተዋል። ከወሎ የፈለቁት በአማርኛ ዐጀሚ የተጻፉ መንዙማዎችም ተውሒድንና ፊቅህን በገበሬው ቋንቋ ያስተማሩ ናቸው። ስለዚህ ጉርብትናው በጠነከረበት ምድር ዕውቀቱም ጠንክሮ ነበር። የጀማ ንጉሥና የዳና ደረሳ የጎረቤት ሐቅ ምን እንደሆነ ከኪታቡ ያውቅ ነበር፤ በአንድ ቅሬ መቀበርን ከድንቁርና የመነጨ አድርጎ የሚመለከት ሰው እነዚያን ኪታቦች አልከፈታቸውም።

ይሁን እንጂ የወሎን ውዳሴ እንዳለ የሚቀበል ሰው ከዚህ የባሰ አንድ ነገር ይዘላል። በአገሪቱ ታሪክ በሙስሊሞች ላይ ከተጫኑት የሃይማኖት ማስገደዶች ትልቁ የታወጀው በዚሁ በወሎ፣ በቦሩ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጠሩት ጉባኤ በክርስቲያኖቹ መካከል የነበረው የቅባትና የጸጋ ክርክር ከተዘጋ በኋላ ለሙስሊሞች እንዲጠመቁ የሦስት ዓመት ቀነ ገደብ ተሰጠ። የወሎ ገዢዎች የነበሩት ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ። አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተብለው ምኒልክ ክርስትና አነሷቸው። ከገዢ ቤት በታች ያለው ሕዝብ ግን በዚህ መልክ አልተስተናገደም። ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር ተቃውሞ አነሡ። ብዙዎች ወደ አርሲ፣ ወደ ባሌ፣ ወደ ጅማና ወደ ሱዳን ጠረፍ ተሰደዱ። ከቀሩትም መካከል በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት ሙስሊም ሆነው የኖሩ ቤተሰቦች እንደነበሩ በጽሑፍም በቃልም ይታወቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የወሎ መቻቻል ምልክት ሆኖ የሚጠቀሰው የተደባለቀ ቤተሰብ፣ አያቱ ሙሐመድ፣ አባቱ ኃይሌ፣ ልጁ እንደገና ሰዒድ የሆነበት የስም ሐረግ፣ ከጋብቻና ከጉርብትና ብቻ የመጣ አይደለም። ከፊሉ የቦሩ ሜዳ ቅሪት ነው። አንዱ ወንድም ሲጠመቅ ሌላው ተሰደደ፤ አንዱ ስሙን ለወጠ፣ ሌላው ደበቀ። የግዳጁ ዘመን ሲያልፍ ግማሹ ወደ እስልምና ተመለሰ፤ ግማሹ በክርስትናው ጸና፤ መሬቱና መቃብሩ ግን አንድ ነበር። ያ ሕዝብ በግዴታ የተከፈለውን ዝምድና በፈቃዱ መልሶ ማያያዙ እጅግ የሚከበር ሥራ ነው። ምስጋናው የሚገባው ግን ለዚህ ሥራ ነው። «የወሎ ሰው ተፈጥሮው ገራገር ነው» ሲባል ግዳጁም ጥገናውም አንድ ላይ ይሰረዛሉ፤ የተሰደዱትም፣ የተቃወሙትም፣ ሌሊት የሰገዱትም ከታሪኩ ይወጣሉ።

የገራገርነት ስሙም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የክርስቲያን ነገሥታት ቤተ መንግሥት ዓይን ወሎ የሚፈራ የእስልምና ምሽግ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 እ.ኤ.አ. እንደነገሡ መጀመሪያ የዘመቱት ወደ ወሎ ነው። በ1909 ዓ.ም. የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው ወደ እስልምና ማዘንበላቸው ነበር፤ አባታቸው ከሸዋ ጦር ጋር ሰገሌ ላይ ሲዋጉም ወሎ ዳግመኛ የተጠረጠረ አገር ሆነ። በእኔ ግምት የዛሬው ውዳሴ በዚህ መልክ የተቀረጸው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ በሬዲዮና በመድረክ ዘፈን በኩል ነው። ያም ሆነ ይህ፣ የአንድ ሕዝብ «ተፈጥሮ» በሁለት ትውልድ ውስጥ ከአስፈሪነት ወደ ገራገርነት ሊለወጥ አይችልም። የተለወጠው የተመልካቹ ፍላጎት ነው።

ከላይ «ልጅ ልጅ» ማለት ለማይገባው አንባቢ አንድ ቃል፦ ልጅ ኢያሱ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ «ልጅ» ማዕረጋቸው ነው። በእናታቸው በኩል የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው። በአንድ ሰው ውስጥ የወሎ ኢማሞች ቤትና የሸዋ ዘውድ ተገናኝተው እንደነበር ማስታወሱ ክሱ ለምን ያን ያህል እንደከረረ ለመረዳት ይጠቅማል።

ጎንደርን በተመለከተ ክሱ ከአየር የመጣ አይደለም። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው መንደር እንዲኖሩ፣ ክርስቲያኖችም በእነርሱ ቤት እንዳያገለግሉ አዘዘ፤ ቤተ እስራኤላውያንም በተመሳሳይ ሁኔታ እንዲለዩ ተደረገ፤ ካቶሊክ ፈረንጆችም አገር እንዲለቁ ወይም የአገሩን ሃይማኖት እንዲቀበሉ ታዘዙ። ከከተማው ግርጌ ያለው የሙስሊሞች ሰፈር፣ እስላም ቤት ወይም አዲስ ዓለም የሚባለው፣ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚያ ውሳኔ ሃያ ዓመት አስቀድሞ ግን በዚያው ከተማ ሌላ ነገር ታይቶ ነበር። አፄ ፋሲለደስ ከየመኑ ኢማም ጋር መልእክት ተለዋውጠው ነበርና፣ በ1648 እ.ኤ.አ. የኢማሙ መልእክተኛ አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ ጎንደር ገቡ፤ በክብር ተስተናግደው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ጉዟቸውን በዐረብኛ ጻፉ። ፋሲለደስ ወደ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው የዞሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አባታቸው ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ካወጁና አገሩ በደም ከታጠበ በኋላ የፈረንጅን መግቢያ በር መዝጋት ይፈልጉ ነበር፤ ለዚህም የምጽዋንና የሱዋኪንን የቱርክ ሹማምንት ትብብር ይሹ ነበር። የልጃቸው የዮሐንስ ጉባኤ ደግሞ ከዚያው ከካቶሊኮች ጋር ከተደረገው ትግል የተረፈውን የሃይማኖት ድንበር የማጥራት ስሜት እስከ ሙስሊሞችና እስከ ቤተ እስራኤል ድረስ ገፋው። እንግዳ የተቀበለውም፣ ጎረቤት የለየውም አንድ ከተማና አንድ ሥርወ መንግሥት ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ የተለወጠው የቤተ መንግሥቱ ፍርሃትና ስሌት እንጂ የጎንደር ሰው ደም አይደለም።

የተለዩትም አልጠፉም። የጎንደር ሙስሊሞች ወደ ምጽዋና ወደ ሰናር የሚሄደውን ንግድ ይዘው የቤተ መንግሥቱን ግምጃ ቤት በቀረጥ ይመግቡ ነበር፤ ሽመናውም በእጃቸው ነበር። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮም ለሰባ ዓመት ያህል በጎንደር ነገሥታት ስም የገዛው ከሙስሊም የዘር ሐረግ የመጣው የየጁ ቤት ነበር፤ የመጨረሻው ገዢ ራስ ዐሊ ለሙስሊሞች ያደላሉ እየተባሉ በክርስቲያን ባላጋራዎቻቸው ይከሰሱ ነበር። የየጁ ቤት ደግሞ ዛሬ የወሎ ከምንለው ምድር የተነሣ ነው። «ቻዩ ወሎ» እና «ጠባቡ ጎንደር» በዚያ ዘመን በአንድ ዙፋን ጥላ ሥር ነበሩ።

ታዲያ በሁለቱ አገሮች ኑሮ መካከል ልዩነት የለም ማለቴ ነውን? አይደለም፤ ልዩነቱ አለ፤ ምክንያቱ ግን ከጠባይ ይልቅ በመሬት ላይ ነው። በወሎ ሙስሊሙ ገበሬ ነው፤ መሬት አለው፤ ገዢዎቹም ለረጅም ጊዜ ኢማም የሚል ማዕረግ የያዙ ሙስሊሞች ነበሩ። ከክርስቲያኑ ጋር በድንበር፣ በውኃ፣ በደቦና በከብት ማሰማሪያ ይገናኛል፤ ቢጣላም ቢታረቅም እኩያው ነው። በጎንደርና በሌላው የክርስቲያን መንግሥት ደጋ ግን ሙስሊም በአብዛኛው ርስት እንዳይኖረው ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ነጋዴ ወይም ሸማኔ ሆነ፤ ከክርስቲያኑ ጋር የሚገናኘው በገበያ ነው፤ ማታ ወደየሰፈሩ ይመለሳል። ገበያ ትውውቅን ይፈጥራል፤ ቅሬንና አምቻ ጋብቻን ግን የሚፈጥረው የጋራ መሬት ነው። ይህ የርስት ክልከላ በሕግ የፈረሰው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የጎንደር ሙስሊም ኑሮ ከወሎው ጋር አነጻጽሮ ስለ ሕዝቡ ልብ መፍረድ፣ መሬት ያለውንና የሌለውን በአንድ ሚዛን መመዘን ነው።

የሐረር ነገር ለዚህ ሁሉ አጭር ማረጋገጫ ይሆናል። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ከገባባት በኋላ ሐረር በአውሮፓ አንባቢ ዘንድ ባዕድ የማይደርስባት፣ ክርስቲያን የማይገባባት የአክራሪዎች ከተማ ሆና ተሣለች። በ1887 እ.ኤ.አ. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ጦር ሲገባ ደግሞ በፈረስ መጋላ የነበረው መስጊድ ወደ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። ያቺው ከተማ በዘመናችን ከዩኔስኮ የሰላም ከተማነት ሽልማት አገኘች፤ ዛሬም የመቻቻል ከተማ ተብላ ትጠቀሳለች። ግንቡ ያው ግንብ ነው፤ መስጊዶቹም አብዛኞቹ ያው ናቸው። አሚሮቹ በርተንን በጥርጣሬ ያዩት ከእርሱ ኋላ ጦር እንዳይከተል ስለፈሩ ነው፤ ፍርሃታቸውም በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ደረሰ። ይህን አክራሪነት ብሎ የሚጠራ ሰው ግንብ የሚሠራበትን ምክንያት አያውቅም።

ጅምላ ብያኔው ዛሬ የሚያደርሰው ጉዳት በግልጽ የሚታየው ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ጥቃት ደርሶባቸው ከሃያ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቻችን «ከዚያ አገር ምን ይጠበቃል» አልን። «ምን ይጠበቃል» የሚል ሰው ደግሞ ማን አቀደ፣ ማን ቀሰቀሰ፣ ጸጥታ አስከባሪው የት ነበር ብሎ አይመረምርም፤ ወንጀለኛው በሕዝቡ ውስጥ ተሸሽጎ ያመልጣል። በዚያው ሳምንት በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት በእሳት ሲወድሙ ደግሞ ይኸው ዓረፍተ ነገር ከሌላው ወገን ስለ ስልጤ ተነገረ፤ ያን ጊዜ ግን ፍትሐዊ አለመሆኑ ወዲያው ታየን። የመጽሐፉ ሰዎች ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ቁርኣን በአሊ ዒምራን ምዕራፍ ያስተምረናል። ይህን ለሌሎች ስንነፍግ ቆይተን ለራሳችን ብቻ መጠየቅ አንችልም።

በተወደሰው አገር ያለው ጉዳት ደግሞ ዝምታ ነው። በወሎ የመስጊድ ቦታ ወይም የመቃብር ክርክር ሲነሣ ሽማግሌውም ባለሥልጣኑም «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» በማለት ይጀምራሉ። የለም የተባለ ነገር አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበም አይዳኝም፤ ቅሬታውም ከውስጥ እየሻገተ ይቆያል። አቤት የሚለው ሰውም የአገሩን መልካም ስም ያጎደፈ ተደርጎ ይታያል። አባጋሮቹ ድሮ ይሠሩ የነበረው የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ በዳይና ተበዳይ ባሉበት በደሉ በአደባባይ ይነገራል፤ እርቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መብት ከአገር ስም ተነጥሎ በሕግ የተጠየቀበትን አንድ ቀን ለደረሶቻችን ብናስተምር ይጠቅማል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ባደረጉት ታላቅ ሰልፍ ውስጥ የወሎውም፣ የጎንደሩም፣ የሐረሩም፣ የጉራጌውም ሙስሊም በአንድነት ተገኝቷል፤ የደገፏቸው ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። የጥያቄው ዝርዝር የበዓላትን መከበር፣ የመሬት ባለቤትነትን፣ በመንግሥት ሥራ መግባትን የመሳሰሉ ነገሮችን የያዘ ነበር። የትኛው አውራጃ ቻይ፣ የትኛው ጠባብ እንደሆነ የሚናገር አንቀጽ አልነበረበትም።

ለመምህራን የሚቀረው የቤት ሥራ ቀላል ነው፤ ግን ጊዜው እያለፈ ነው። የጀማ ንጉሥ፣ የጌታና የዳና የእጅ ጽሑፎች በከፊልም ቢሆን አጥኚ አግኝተዋል። በአዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊም ቤተሰቦች እጅ ያሉት የንግድ ደብተሮች፣ የውርስ ወረቀቶችና የኪታብ ኅዳግ ማስታወሻዎች ግን «እዚያ ምን ይገኛል» በሚለው ግምት ብዙም አልተጎበኙም። የቦሩ ሜዳን ዘመን ከአያቶቻቸው የሰሙ የወሎ አረጋውያንም እያለቁ ነው። የሚጠየቁት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ፍቅር እንዲናገሩ ነው፤ ማን ተጠመቀ፣ ማን ተሰደደ፣ ማን ስሙን ደበቀ፣ መሬቱስ ለማን ቀረ የሚል ጠያቂ እስካሁን ጥቂት ነው።